«አትፈላሰፍብኝ»፦ ፍልስፍና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ

እኛ ዘንድ «ፈላስፋ» ብዙ ጊዜ ሙገሳ አይደለም። ነገር የሚያበዛ፣ የታዘዘውን ከመፈጸም ይልቅ «ለምን?» የሚል ሰው መጠሪያ ነው። «አትፈላሰፍብኝ» ሳይባል ያደገ ልጅ ያለ አይመስለኝም። እኔ ስንት ጊዜ እንደተባልኩ አላስታውስም። አራተኛ ክፍል ሆኜ የተባልኩትን ግን አልረሳውም።

የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ነበር። ሕይወት ያላቸውና ሕይወት የሌላቸው ነገሮችን እየተማርን ነው። ሕይወት ያለው ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ይመገባል፣ ያድጋል፣ ይተነፍሳል፣ ይራባል። ሰሌዳው ላይ ተጻፈ፣ ደብተራችን ላይ ገለበጥን። እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ እሳትስ?»

ማሾፌ አልነበረም። እሳት ይንቀሳቀሳል። እንጨት ይበላል። ያድጋል። ካፈኑት ይሞታል። መራባቱን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። ጎረቤታችን በማለዳ እሳት ልትጭር ትመጣና ከእኛ ምድጃ አንድ ፍም ይዛ ትሄዳለች። የእኛ አይጎድልም፣ የእሷም ምድጃ ይነዳል። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አስተማሪው የቀለድኩባቸው መሰላቸው። «አትፈላሰፍብኝ! ውጣና ተንበርከክ!» ደወል እስኪደወል በር ላይ ተንበርክኬ ቆየሁ።

ዛሬ ላይ ሆኜ አልፈርድባቸውም። 60 ምናምን ልጅ ፊት ቆሞ «እኔም አላውቅም» ማለት ቀላል አይደለም። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። ባዮሎጂስቶች እስካሁን ድረስ «ሕይወት ምንድን ነው?» ለሚለው ሁሉንም የሚያስማማ አንድ ፍቺ አላገኙም። ያን ቀን ክፍሉ ለአምስት ደቂቃ ቢከራከርበት ኖሮ፣ አምስቱን መለያዎች ከሰሌዳ ከመገልበጥ የበለጠ እንይዛቸው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ይህን ያነሳሁት በብዙ አገሮች እየተሠራበት ስላለ አንድ ነገር ለመጻፍ ነው። «ፍልስፍና ለልጆች» ይባላል። ስሙ ያሳስታል። ሲሰሙት ሶቅራጥስ መቼ ተወለደ፣ ፕላቶ ምን አለ የሚል ትምህርት ይመስላል። እኛ አገር ወሬው ሲነሳ ደግሞ ወዲያው «ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ይግባ!» የሚል አይጠፋም። ከዚያ ሐተታውን የጻፈው ራሱ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ወደሚለው የቆየ ንትርክ ይገባል። ክርክሩ ይቀጥል፣ ጥሩ ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጉዳይ ግን አይደለም። እዚህ የሚባለው ልጆች የፈላስፎችን ስም እንዲሸመድዱ ሳይሆን ራሳቸው እንዲፈላሰፉ ነው። ጥያቄ አንስተው፣ ምክንያት ሰጥተው፣ የሌላውን ምክንያት ሰምተው፣ ካስፈለገም ሐሳብ ቀይረው።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ነው። ማቲው ሊፕማን ኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሎጂክ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ግቢው በተማሪዎች ዓመፅ ሲናጥ፣ በበቂ ምክንያት መነጋገር ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ታዘቡ። ዩኒቨርሲቲ ከደረሱ በኋላ ማሰብን ማስተማር ዘግይቷል ብለውም ደመደሙ። በ1969 ለልጆች ልብወለድ ጻፉ። በ1974 ደግሞ ከአን ማርጋሬት ሻርፕ ጋር ሆነው ኒው ጀርሲ ውስጥ በሞንትክሌር ስቴት ኮሌጅ ለዚሁ ሥራ ተቋም መሠረቱ።

የልብወለዱ መክፈቻ ለእኛም ይጠቅማል። ሃሪ የሚባል ልጅ ክፍል ውስጥ በሐሳብ ጭልጥ ብሏል። አስተማሪው ድንገት ይጠይቁታል፦ ረጅም ጅራት ያለውና በየ77 ዓመቱ ፀሐይን የሚዞር ምንድን ነው? ሃሪ ትምህርቱን አልሰማም። ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይን እንደሚዞሩ ግን ያውቃል። «ፕላኔት!» ይላል። ይሳቅበታል። መልሱ ኮሜት ነው። ሃሪ አፍሮ ቁጭ ብሎ የት እንደተሳሳተ ያወጣና ያወርዳል። ከዚያ ይገለጥለታል። «ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይን ይዞራሉ» ማለት «ፀሐይን የሚዞር ሁሉ ፕላኔት ነው» ማለት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ስትገለብጠው እውነቱ አብሮ አይገለበጥም።

ላሞች ሁሉ እንስሳት ናቸው። እንስሳት ሁሉ ግን ላሞች አይደሉም። ይሄ ምን ይከብዳል ትሉ ይሆናል። እስቲ ፌስቡክ ክፈቱ። «የሰረቁት ልጆች ከዚያ ሰፈር የመጡ ናቸው» ተብሎ የተጀመረ ወሬ፣ ሦስተኛው ሼር ላይ ሲደርስ «የዚያ ሰፈር ልጆች ሌቦች ናቸው» ሆኖ ታገኙታላችሁ። «ሰፈር» የሚለውን አውጥታችሁ የምታውቁትን ሌላ ቃል ተኩበት። ወሬውን የሚያሰራጩት ዲግሪ የጫኑ ሰዎች ናቸው። ሃሪ ግን የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነው።

ታዲያ ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል? ልጆቹ በክብ ይቀመጣሉ። ሁሉም የሁሉንም ፊት ማየት አለበት። አስተማሪዋ አጭር ታሪክ ታነባለች፣ ወይም ሥዕል ታሳያለች፣ ወይም አንድ ዕቃ መሃል ታስቀምጣለች። ለጥቂት ጊዜ ዝም ይባላል። ከዚያ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ጥያቄ ያወጣሉ። ጥያቄዎቹ ሰሌዳ ላይ ይጻፉና በድምፅ ብልጫ አንዱ ይመረጣል። ውይይቱ እሱ ላይ ነው። «እስማማለሁ፣ ምክንያቱም…»፣ «አልስማማም፣ ምክንያቱም…» ማለትን ይለማመዳሉ። አስተማሪዋ መልስ አትሰጥም። ሥራዋ «ምን ማለትህ ነው?»፣ «ሁልጊዜ እንደዚያ ነው?»፣ «ከእሷ ሐሳብ ጋር የሚለየው የቱ ላይ ነው?» እያሉ መጎትጎት ነው። መጨረሻ ላይ የፈለገ ልጅ አንዳንድ ቃል ይናገራል። ሐሳቡን የቀየረ ካለ ለምን እንደቀየረ ይናገራል።

ሃዋይ ላይ የለመዱት ነገር ደስ ይላል። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ አብረው ከክር ኳስ ይሠራሉ። መናገር የሚችለው ኳሷን የያዘ ብቻ ነው። የጨረሰ ለቀጣዩ ያቀብላል። ኳሷ ደርሶት መናገር ያልፈለገ ልጅ ዝም ብሎ ማሳለፍ ይችላል። ይቺ የመጨረሻዋ ሕግ ቀላል ትመስላለች። «ተነስና መልስ!» እየተባለ ላደገ ሰው ግን ትንሽ ነገር አይደለችም።

ስለ ኳስ ካነሳን የእኛን ግቢ ጉድ ላውራችሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ነው። የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተጣልቶ መጣ። ምክንያቱ የጨርቅ ኳስ ነው። ስሟ «ዱባ» ነው። አንደኛው ልጅ የአባቱን ካልሲ አምጥቷል። የእህቴ ልጅ የሚሞላውን ፌስታልና ቡትቶ አምጥቷል። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ በሲባጎ ጠፍራ አስራታለች። አሁን ባለ ካልሲው አኩርፎ «ኳሴን ይዤ ልሂድ» ብሏል።

ልዳኛቸው ፈለግሁ። ከዚያ ይህን ጉዳይ ሳነብ መክረሜ ትዝ አለኝና በረንዳው ላይ በክብ አስቀመጥኳቸው። ጠየቅኳቸው፦ ዱባ የማን ናት?

«የኔ ናት፣ ካልሲው የኔ ነው» አለ ባለ ካልሲው።

«የመጀመሪያው ካልሲ ተቀዶ ተጥሏል» አለ የእህቴ ልጅ። «ይሄ ሁለተኛው ነው። ፌስታሉም ዝናብ መትቶት ቀይሬዋለሁ። ስለዚህ ያቺ ዱባ የለችም። ይቺ ሌላ ኳስ ናት።»

እኔ ገና አፌን ሳልከፍት ባለ ሲባጎዋ ገባች። «ዱባ ነው የምንላት። ስሟ ካልተቀየረ ያቺው ናት።» ቀጥላም ወደ ባለ ካልሲው ዞራ፣ «አንተ ራስህ ጥርስህ ወልቆ ሌላ በቅሎልህ የለ? ሌላ ልጅ ሆንክ?»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ጥርሴ ከውስጤ ነው የበቀለው። ካልሲው ግን ከውጭ ነው የመጣው።»

እዚህ ላይ እኔ ሻዬን አስቀመጥኩ። ግሪኮች ቴሴዎስ ስለሚባል ጀግና መርከብ እንዲህ ተከራክረዋል። የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ ጽፎታል። የመርከቡ ሳንቃ በበሰበሰ ቁጥር ይቀየራል። ሁሉም ሳንቃ ከተቀየረ በኋላ ያው መርከብ ነው ወይስ ሌላ? ሕያው ነገር ሲለወጥና ግዑዝ ነገር ሲቀየር ልዩነት አለው ወይ የሚለው ደግሞ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ጥያቄ ነው። ይሄ ልጅ በአንድ የወተት ጥርስ ደረሰበት። ልጅቷም አልተሸነፈችም። «ሳላስራት በፊት ካልሲና ፌስታል ነበረች እንጂ ኳስ አልነበረችም» አለች። ትንሹ፣ የሰባት ዓመቱ፣ «የተጫወተባት ሁሉ ነው ባለቤቷ» አለ። እሱ ምንም አላመጣም፣ ሌላ ምን ይበል!

ከዚያ እኔ አበላሸሁት። ጨዋታው ስላማረኝ መደምደሚያ ሰጠሁ። «ስለዚህ ዱባ የሁላችሁም ናት ማለት ነው፣ አይደል?» አልኩ፣ በአጎት ድምፅ። አምስቱም አዩኝ። «እሺ» አሉና ተነሥተው ሄዱ። እሳት ላይ ውኃ እንደ መድፋት ነው። እስከዚያ ድረስ ለእውነት ይከራከሩ ነበር። እኔ ስናገር ግን ከመጀመሪያውም አንድ «ትክክለኛ መልስ» እንደነበረና እሱን እስኪደርሱበት ስጠብቅ እንደነበር ገባቸው።

የዚህ ሥራ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ወይም መጽሐፍ የሚቸግረው አይመስለኝም። አዋቂው መልሱን ውጦ መቀመጥ ይችላል ወይ ነው። ለዚህም ነው ሥልጠና የሚያስፈልገው፣ ለዚህም ነው አንድ ቀን ስብሰባ ተጠርቶ፣ አበል ተከፍሎ፣ ፓወር ፖይንት ታይቶ የማይሆነው።

አሁን ወደ ማስረጃው። ፍልስፍና ለልጆች ይጠቅማል የሚሉ ሰዎች አብዝተው የሚጠቅሱት ከእንግሊዝ የመጣ ጥናት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1990 ቢቢሲ ስለ ሊፕማን ሥራ ዘጋቢ ፊልም ካሳየ በኋላ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ አስተማሪዎችን የሚያሠለጥን ድርጅት ተቋቋመ። በ2013 ደግሞ በ48 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ከ3,000 በላይ በሆኑ የ4ኛና የ5ኛ ዓመት ተማሪዎች ላይ ሙከራ ተደረገ። ትምህርት ቤቶቹ በዕጣ ተከፈሉ። አንዱ ወገን ወዲያው ጀመረ፣ ሌላው ጠበቀ። ውጤቱ በ2015 ወጣ። የተወያዩት ልጆች በንባብና በሒሳብ ሁለት ወር ያህል ቀድመው ተገኙ። ድሃ ቤተሰብ ያላቸው ልጆች ደግሞ በንባብ አራት ወር ያህል ቀደሙ። ወጪውም ለአንድ ልጅ 16 ፓውንድ ገደማ ነው ተባለ።

ጋዜጦች ተቀባበሉት። «ፍልስፍና የሒሳብ ውጤት ያሻሽላል!» ማን ይጠላል? ተቺዎች ግን ወዲያው ቅር አላቸው። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችል እንደሆነ የሚያሳየውን የተለመደ ስታቲስቲካዊ መለኪያ ሪፖርቱ አላቀረበም ነበር። ስለዚህ ሰፋ ያለ ሙከራ ተደረገ። በዚህኛው 198 ትምህርት ቤቶች ገቡበት። ውጤቱ በ2021 ታተመ። በንባብ ላይ ያመጣው መሻሻል አልተገኘም። የለም። አስተማሪዎቹ ግን ልጆቹ ሐሳባቸውን የመግለጽና የሌላውን አስተያየት የማክበር ለውጥ እንዳሳዩ ተናግረዋል።

ብዙዎቹ የሐሳቡ ደጋፊዎች የመጀመሪያውን ጥናት ይጠቅሳሉ፣ ሁለተኛውን ይዘላሉ። ይህ አያምርም። ልጆችን «ማስረጃህ ምንድን ነው?» በሉ ብሎ የሚያስተምር ሰው የማይመቸውን ማስረጃ ሲደብቅ ምን ይባላል? የስኮትላንዱ ጥናትም አለ። ክላክማናንሸር በሚባል አካባቢ ልጆች በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለ16 ወራት ተወያይተው በማገናዘብ ፈተና ከሌሎቹ በልጠው ተገኝተዋል። ብልጫቸው ሁለተኛ ደረጃ ከገቡ በኋላም እንደቆየ ተዘግቧል። እሱም ቢሆን የተሠራው በጥቂት ልጆች ላይ ነው።

እኔ የሚመስለኝ ይህ ነው። ውይይቱን «የሒሳብ ነጥብ ይጨምራል» ብሎ መሸጥ ከመጀመሪያውም ስህተት ነበር። ነጥቡ ባልጨመረ ጊዜ ዕቃው ይመለሳል። ስፖርት ክፍለ ጊዜ የፊዚክስ ውጤት ይጨምር እንደሆነ ማን ይጠይቃል? ልጁ መሮጥ ስላለበት ይሮጣል። ምክንያት መስጠትና መስማትም እንደዚያው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሌላ ልጅ ተናግሮ እስኪጨርስ ጠብቆ፣ «አልስማማም፣ ምክንያቱም…» ብሎ፣ ሳይሰድብና ሳይሰደብ ቢውል ያ ራሱ ትምህርት ነው።

ልጆች ለዚህ ገና ናቸው የሚለው ተቃውሞ የቆየ ነው። ፕላቶ ራሱ የክርክርን ጥበብ ለወጣት አትስጡ ብሏል። ወጣቶች ሲቀምሱት እንደ ቡችላ ያገኙትን ሁሉ እየጎተቱ ይቦጫጭቃሉ፣ ስለዚህ 30 ዓመት ይሙላቸው አለ። የሥነ ልቦና ሊቁ ፒያዤ ደግሞ ረቂቅ ነገርን ማሰብ ከ11 ወይም ከ12 ዓመት ገደማ በፊት አይመጣም ብሎ ነበር። ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ፈላስፋ ጋሬዝ ማቲውስ የትንንሽ ልጆችን ጥያቄዎች እየሰበሰቡ በዚህ ሐሳብ ላይ ተከራክረዋል። ቡችላው ላይ ግን ፕላቶ እውነት አለው። መከራከር የለመደ ልጅ እራት ላይ ያስቸግራል። የማይካድ ነው።

ቤልፋስት ከተማ አርዶይን የሚባል ሠፈር አለ። በሰሜን አየርላንዱ ግጭት ክፉኛ የተጎዳ ሠፈር ነው። እዚያ ሆሊ ክሮስ በሚባል የወንዶች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ኬቨን ማካረቪ ራሳቸው ፍልስፍና ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2021 ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶበታል። እዚያ ክፍል ውስጥ «የመታህን መልሰህ መምታት ልክ ነው?» የሚለው ጥያቄ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። የልጁ አባት ወይም አያት ቤት ውስጥ ሌላ መልስ አላቸው። ልጁ ሁለቱን ይዞ ማሰብ አለበት። እኔን የሳበኝ የፈተና ውጤታቸው አይደለም፣ ይሄ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። «ማንበብ ላልቻለ ልጅ ፍልስፍና?» የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው ኢትዮጵያ ውስጥ 10 ዓመት ከደረሱት ልጆች ከ10ሩ 9ኙ ገደማ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቤቱ እየተቃጠለ መጋረጃ ስለ መቀየር ታወራለህ ልትሉኝ ትችላላችሁ።

ግን ልብ በሉ። ውይይቱ ማንበብ አይጠይቅም። በአፍ ነው። ከዱባ ባለቤቶች አንዱ ገና ፊደል እየለየ ነው። «የተጫወተባት ሁሉ ነው ባለቤቷ» ለማለት ፊደል አላስፈለገውም። እንዲያውም ማንበብ የቸገረው ልጅ ክፍል ውስጥ ጭንቅላት እንዳለው የሚያሳይበት ሌላ ጊዜ የለውም። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያሳያል። የንባብ ክፍለ ጊዜን ነጥቆ ይሁን ቢባል ግን እኔም እቃወማለሁ።

ሌላ የሚነጠቅ ክፍለ ጊዜ አያስፈልግም፣ ቦታው አለና። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል የግብረ ገብ ትምህርት አስገብቷል። ሐሳቡን እደግፋለሁ። ፍርሃቴ አሰጣጡ ላይ ነው። ግብረ ገብ ስንል መልሱ ቀድሞ የታወቀ ትምህርት ይመስለናል። መዋሸት መጥፎ ነው። መስረቅ መጥፎ ነው። ታላቅን ማክበር ጥሩ ነው። ልጁ ይሸመድዳል፣ በፈተና ከአራቱ ምርጫ ጥሩውን ልጅ ያከብባል፣ 10 ከ10 ያመጣል። ቤት ሲገባ የዕቁብ ሰብሳቢዋ በር ታንኳኳለች። እናቱ ከጓዳ ሆና «የለችም በላት» ትለዋለች።

ይሄ ልጅ አሁን ምን ያድርግ? መዋሸት መጥፎ ነው። እናትን መታዘዝ ጥሩ ነው። ሁለቱንም 10 ከ10 አግኝቶባቸዋል። እዚህ ጋ ነው ውይይት የሚያስፈልገው። ክፍል ውስጥ ይህን ታሪክ ብቻ አንብቡና ተዋቸው። እናቱ ገንዘብ ባይኖራትስ? ውሸቱ የእሷ ነው ወይስ የእሱ? ሰብሳቢዋ ቀድማ ብታውቅስ? 40 ደቂቃ አይበቃም። ልጆቹ ሲጨርሱ መዋሸትን አይወዱትም። ለምን እንደማይወዱት ግን አስበውበታል።

«ተማሪው ብዙ ነው» የሚለውም እውነት ነው። ሦስት ልጅ አንድ ዴስክ ላይ በሚቀመጥበት ክፍል 60 ልጅ በክብ አይቀመጥም። መላ አለው። 20ው ዛፍ ሥር በክብ ይቀመጥና ይወያይ፣ 40ው ዙሪያውን ሆኖ ማን ጥሩ ምክንያት እንደሰጠ ይከታተል። ከዚያ ይቀያየራሉ። የአንድ ለአምስት ቡድንም ለዚህ ቢውል ጥሩ ነበር። እስካሁን የማውቀው ጎበዙ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ ነው። ከብዛቱ ይልቅ እኔን የሚያሰጋኝ ካርዱ ነው። ወላጅ ካርድ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከስንት?» ብሎ ነው። ውይይት ከስንት ይታረማል? ማረም ከተጀመረ ደግሞ ልጁ የሚያስበውን ትቶ አስተማሪው የሚወደውን መናገር ይጀምራል።

ሃይማኖትም ይነሳል። ልጄ ስለ እግዚአብሔር ወይም ስለ አላህ ተጠራጥሮ ይምጣ? ይህን ስጋት አልንቅም። አስተማሪው የልጁን እምነት መነካካት ሥራው አይደለም። ግን ጥያቄና እምነት ጠላት ናቸው ያለን ማን ነው? በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት አንድምታ አለ። ሊቁ አንዱን ኃይለ ቃል ይተረጉምና «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጓሜ ይጨምራል። ደግሞ «አንድም»። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ አንድ ነገር ሁለት መልክ እንዳለው ሊነገረው አይገባም። በድሮው ችሎትም ሰዎች ዛፍ ሥር ቆመው «ተጠየቅ!» እየተባባሉ ሲሟገቱ መንገደኛው ቆሞ ይዳኝ ነበር።

ነገር ግን ራሳችንን አናሞግስ። እዚህ ሁሉ ቦታ ላይ ልጅ የለም። ልጁ ንባብ ቤት ነው። ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት ይደግማል። ትርጓሜ የሚደርሰው ንባቡን፣ ዜማውንና ቅኔውን ካለፈ በኋላ፣ ጎልማሳ ሆኖ ነው። ችሎቱም የአዋቂ ነው። ፕላቶ 30 ዓመት ይሙላው እንዳለው እኛም ብለናል፣ ሳንጽፈው። ልጅ እንዲጠይቅ የተፈቀደለት ምናልባት ማታ እሳት ዙሪያ፣ በእንቆቅልሽ ብቻ ነው። እሱም መልስ ያለው ጥያቄ ነው፤ ካላወቅህ አገር ሰጥተህ ትገላገላለህ።

ስለዚህ ነው አስተማሪው ላይ የማተኩረው። ልጅ ሆኖ «አትፈላሰፍብኝ» የተባለ፣ ኮሌጅም ገብቶ ሃንድአውት የሸመደደ ሰው፣ አንድ ቀን ክፍል ገብቶ «እስቲ ጠይቁኝ፣ መልሱን እኔም አላውቀውም» እንዲል እየጠየቅነው ነው። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም። ኢንስፔክተሩ የሚያየው የዕለት ዕቅዱን ነው። ከሚኒስቴር ከመውረዱ በፊት በጥቂት ትምህርት ቤቶች፣ ፈቃደኛ በሆኑ አስተማሪዎች፣ አስተማሪዎቹ ራሳቸው መጀመሪያ በክብ ተቀምጠው ቢሞክሩት ይሻላል። አንድ ዓመት ይሞከር። ካልሠራ ይቅር። በአንድ ሰርኩላር በመላ አገሪቱ ይጀመር ከተባለ ግን ውጤቱን ካሁኑ ልነግራችሁ እችላለሁ። ልጆቹ «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል ይሸመድዳሉ።

ዱባ ባለፈው ሳምንት አጥር ዘላ ቦይ ውስጥ ገባች። የእህቴ ልጅ በእንጨት አወጣት። ባለ ሲባጎዋ ፈታታ አጠበቻት። ካልሲውን ገመድ ላይ፣ ቡትቶውን ድንጋይ ላይ አሰጣችው። የባለ ካልሲው እናት ልብስ ልታነሳ ስትወጣ የባሏን ካልሲ ገመድ ላይ አየችና አጣጥፋ ይዛው ገባች።

አምስቱም እየሮጡ መጡ። ባለ ካልሲው እያለከለከ፣ «አሁን የተሰጣው ዱባ ነው ወይስ ዱባ ቤት ገብታለች?»

ዝም አልኩ። በረንዳው ላይ በክብ ተቀመጡ።